የዘመሙት ቁጥሮች

ሟቹን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው «ውሃ ልክ» በሚል ስም ነበር። ስሙን ያወጡለት የሰፈሩ ኳስ ተጫዋቾች ናቸው፤ ማሊያ ላይ የሚያትመው ቁጥር ግንበኛ በውሃ ልክ የለካው ይመስል ቀጥ ይል ነበርና። ያን ዕለት ጠዋት ግን በሚሠራበት የስፖርት ዕቃ መሸጫ ጓዳ ሲሚንቶ ላይ በጎኑ ተጋድሞ ተገኘ። ፊቱ ቀልቷል፤ አፉ አጠገብ ትንሽ ትውከት አለ። ሠርጉን እየደገሰ የነበረ ለግላጋ ልጅ! እንዲያው ምን ይባላል።

መርማሪዋ ስትደርስ የሰፈሩ ፖሊስ ነገሩን ጨርሶት ነበር ማለት ይቻላል። እሷ ጡረታዋ የደረሰ፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ናት። የትም ብትገባ መጀመሪያ የምትፈልገው ወንበር ነው። ባልደረቦቿ በዚህ ይስቁባታል፤ ቆመው ያለፉትን ነገር ተቀምጣ ስታገኘው ግን ሳቁ ይቀራል።

«እጮኛው ሻይ አምጥታለት ነበር» አለ ፖሊሱ። «ማታ ሲጨቃጨቁም ጎረቤት ሰምቷል። መርዝ ነው። ልጅቷን ይዘናታል።»

«ሻዩ ተመረመረ?»

«ገና ነው።»

«እንግዲያው መርዝ መሆኑም ገና ነው» አለችና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ባለሱቁ ላብ እያጠመቀው በሩ ላይ ቆሟል። «ይሄ መጋዘን ነው» አለ ሳይጠየቅ። «እዚህ ምን ሊሠራ እንደገባ እግዜር ይወቅ።»

መጋዘን! አንድ ካርቶን የሌለበት መጋዘን። ወለሉ ተጠርጓል፤ ያውም አስከሬኑን ዞሮ የተጠረገ። ጥጉ ላይ ግን መጥረጊያ ያላስለቀቀው የዘይት ጠብታ አለ። ከላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ ወንፊት ሽቦ የተገጠመለት የአየር ቀዳዳ ይታያል። መርማሪዋ ጎንበስ ስትል ከጠረጴዛው ሥር ግድግዳው ጋ የተወሸቀ ቀይ ማሊያ አየች። ታጥፎ ነበር፤ ልትዘረጋው ብትል ጀርባው እርስ በርሱ ተጣብቆ እምቢ አላት። ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ስትወጣ የሟቹ አባት መንገዷ ላይ ቆመው ጠበቋት። የሱቁ ዘበኛ ናቸው። ዓይናቸው በርበሬ መስሏል፤ የለበሱት ግራጫ የሱፍ ካፖርት ጀርባው በጥላሸት ተለክፏል።

«ማታ ማን ገባ፣ ማን ወጣ አባባ?»

«ያቺ ልጅ ሻይ ይዛ ገባች፤ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ዝንብ አልገባም። በሩ ላይ በብርድ ስንቀጠቀጥ ነው ያደርኩት።»

«ይህን የመሰለ ካፖርት እያለዎት?»

ሽማግሌው አንዴ አዩዋትና ሳላቸው መጣ። ሲጨርሱ እጇን ጭብጥ አድርገው ያዙ። «ልጄ፣ ገዳዩን ንገሪኝ። ሌላ ምንም አልለምንሽም። አንድ ልጅ ነው የነበረኝ። እሷ ከሆነች ዓይኔ እያየ ትሰቀልልኝ።»

«እነግርዎታለሁ» አለች መርማሪዋ። በሥራ ዘመኗ ለማንም ቃል የማትሰጥ ሴት፣ የዛሬው ከአፏ አመለጣት።

ከሰዓት በኋላ ባለሱቁን ባንኮኒው ጀርባ አገኘችው። የተጣበቀውን ማሊያ ፊቱ ጣለችው።

«ይሄ ከእርስዎ ዘንድ ነው?»

«ይመስለኛል።»

«ዕቃው ግን የማይረባ ነው። ቁጥሩ እኮ እርስ በርሱ ተጣብቋል።»

ባለሱቁ ሙያው ተነካ። «ዕቃውማ ምን ይወጣለታል! ሳይበርድ ስለታጠፈ ነው እንጂ። ከማሽኑ እንደወጣ ካጠፉት ይጣበቃል፤ እሱ ደግሞ እንዲህ ዓይነት ጥፋት…» ምላሱን ነከሰ።

«የትኛው ማሽን?»

ከዚያ በኋላ ወሬው እንደ ጎርፍ ወረደ። ጓዳው ውስጥ ቁጥርና የቡድን ምልክት በሙቀት የሚለጥፍ ማሽን ነበር። ጠዋት አስከሬኑን ሲያይ መጀመሪያ የጠራው ፖሊስ ሳይሆን የጭነት መኪና ነው።

«ፎርጅድ ነው በይኝ፤ እሺ፣ ነው!» አለ። «ግን የሚገዛኝ ማነው? አስተማሪው፣ ነርሷ፣ የእናንተው ፖሊስ! ኦሪጅናሉ አንድ ሰው በሚያለብስበት ዋጋ እኔ ቡድን አለብሳለሁ።»

በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ የሸሚዙን አንገት ቆለፈ። ከሥሩ ቀይ ነገር ብቅ ብሎ ነበር።

«ልጁ መሬት ላይ ተዘርሮ አንተ ማሽን ትጭናለህ?» እስካሁን «እርስዎ» ስትለው የቆየችው ሴት «አንተ» አለችው።

«የሞተውስ ሞቷል፣ ያለነው እንኳ እንዳንታሰር ብዬ…»

«ሦስት ማታ ሰፈሩ በሙሉ መብራት አልነበረውም። ማሽኑ በምን ሠራ?»

«በጄኔሬተር። ግቢ ውስጥ ነበር የቆመው» አለ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

የታተሙት ማሊያዎች የት እንደገቡ ጠይቃ ወደ ኳስ ሜዳው ሄደች። ለማሳተም የሰጣቸው የታዳጊዎቹ አሰልጣኝ ነው፤ ጠዋት ከባለሱቁ ተረክቦ ለልጆቹ አልብሷቸዋል። ሲያያት ፊቱ ተለዋወጠ።

«አልነገርኳቸውም» አለ በሹክሹክታ። «ሁሉም ይወዱታል። ከጨዋታው በኋላ እነግራቸዋለሁ።»

«በቁጥራቸው ተራ አሰልፍልኝ። ጀርባቸውን ይስጡኝ።»

ልጆቹ እየተሳሳቁ ተሰለፉ። ሁለት፣ ሦስት፣ አራት… ቁጥሮቹ እንደ ስሙ ቀጥ ያሉ ናቸው። መሃል ላይ ሲደረስ አንዱ በትንሹ ዘመመ። ቀጣዩ ከዚያ ባሰ። ወደ መጨረሻው ቁጥሮቹ እንደ ሰካራም ተንጋደዋል፤ የመጨረሻው ልጅ ጀርባ ላይ ስምንቱ ከአንዱ ተለይቶ ወደ ወገቡ ወርዷል።

አሰልጣኙ ገና አሁን ነው ያየው። «በተራ ነው የሚያትመው» አለ፤ ድምፁ ተቆራረጠ። «ምን ሆኖ ነው? እሱ እኮ እንዲህ አይሠራም።»

«ለልጆች ፎርጅድ ማልበስ አይከብድህም?»

«ይከብደኛል። የሌላ ሰው ስምና ድካም እንደሆነ አጥቼው አይደለም። ግን ተጋጣሚያቸው ኦሪጅናል ለብሶ ሲመጣ፣ የኔዎቹ በተቀዳደደ ካናቴራ ገና ሳይጫወቱ ይሸነፋሉ። ማንን ይጎዳል ብዬ ነው?»

መርማሪዋ ጥያቄዋን ቀየረች። «ማታ በሱቁ በኩል አላለፍክም?»

«አልፌያለሁ። የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ መንገዱን ሞልቶታል። የንግድ ተቆጣጣሪዎች ደግሞ በየሱቁ እየዞሩ ነበር። ለአባቱ ‹ሽታው ያስይዛችኋል› ብያቸው ሄድኩ።»

ጣቢያ ስትመለስ የሟቹን እጮኛ አግዳሚ ላይ ኩርምት ብላ አገኘቻት። ልብስ ሰፊ ናት፤ የሱቁን ማሊያ የምትሰፋው እሷ ነበረች። መርማሪዋ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ስለ ማሽኑ ለምን አልተናገርሽም ልጄ?»

«ቀብሩ ላይ ‹ፎርጅድ ሠሪው› እንዳይሉት ብዬ ነው እትዬ።» እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «ጭቅጭቃችንም እሱ ነው። በገዛ እጄ የሰፋሁት ልብስ ላይ የማናውቀው ሰው ምልክት ሲለጠፍ ያመኛል። የራሳችንን ምልክት እናውጣ አልኩት። ‹ከሠርጉ በኋላ› አለኝ።»

«ጄኔሬተሩስ የት ነበር?»

«ጓዳ ውስጥ። ድምፁ ተቆጣጣሪዎቹን እንዳይጠራ ባለሱቁ ጋሼ ናቸው ያስገቡት። ‹ቀዳዳው አለ፣ ጭሱ ይወጣል› አሉት።»

«ስትወጪ ቀዳዳው ክፍት ነበር?»

«ክፍት ነው፤ ነፋሱ ፀጉሬን ሲበትነው ነበር።»

ሁለቱ ሴቶች ከዚያም በኋላ ጥቂት አወሩ። ቀጥሎ መርማሪዋ ጉልበቷን እየረገመች ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ጠባብ መንገድ ገባች፤ ድንጋይ ላይ ቆማ የቀዳዳውን ወንፊት በውጭ በኩል ፈተሸች። ከሽቦው ላይ የሆነ ነገር በሁለት ጣቷ ነቅላ አየችው። ፊቷ ጠቆረ። ወዲያው አስከሬኑን ለሚመረምረው ሐኪም ደወለችና ደሙን ምን ብሎ መመርመር እንዳለበት ነገረችው።

በማግሥቱ ሁሉንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ባለሱቁ፣ አሰልጣኙ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ አባትየው። አባትየው ልጅቷ ያለችበትን አቅጣጫ ላለማየት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል።

«ሻዩ ንጹሕ ነው» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «ልጁ በሻይ መርዝ ቢሞት ኖሮ ማሊያዎቹን እንደዚያ ባላተማቸው። ቁጥሮቹን እኔና አሰልጣኙ አይተናል። ሲጀምር ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ቀስ በቀስ ዘመሙ። በመጨረሻው ማሊያውን ሳይበርድ አጠፈው። ሥራውን እንደ ዓይኑ ብሌን የሚጠብቅ ልጅ ምን ነካው? አእምሮው እየደከመ ነበር፤ እሱ ግን አላወቀም። የጄኔሬተር ጭስ እንዲህ ነው የሚያደርገው። ውስጡ ያለው መርዝ ሽታ የለውም፤ መጀመሪያ ማሰቢያን ይወስዳል፣ ከዚያ እግርን። ሐኪሙ ደሙ ውስጥ አግኝቶታል።»

«ግቢ ነው የነበረው ብዬ…» አለ ባለሱቁ።

«ዘይቱ ጓዳው ወለል ላይ ነው የተንጠባጠበው። አንተ አስገባኸው፤ ጠዋት ደግሞ ከማሽኑ ጋር ደበቅከው። ጄኔሬተሩን ባታነሳው ኖሮ ማንም ሰው ሲገባ ነገሩን ይረዳው ነበር። አንተ ፎርጅድህን ስትደብቅ ሞቱንም አብረህ ደበቅከው፤ ይህቺ ልጅ ግን በማታውቀው ታሰረች።»

ባለሱቁ አንገቱን ደፋ።

«ያም ሆኖ ሁለት ቀን እዚያው ሠርቶ ምንም አልሆነም ነበር፤ ቀዳዳው ክፍት ነበርና። በሦስተኛው ማታ ከልጅቷ መውጣት በኋላ አንድ ሰው ከውጭ በኩል ወተፈው፤ ጠዋት አነሳው።» መርማሪዋ እዚህ ላይ ቆመች። ከወንፊቱ የነቀለችውን ግራጫ የሱፍ ክር ሳታወጣ ቦርሳዋን ዘጋች።

ልብስ ሰፊዋ የጨርቅ ነገር አያመልጣትም። ዓይኗ ወደ ግድግዳው በዞሩት ሽማግሌ ጀርባ ላይ አረፈ፤ ካፖርቱ ላይ ጥላሸቱ ወንፊት የመሰለ መስመር ሠርቷል። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ይብቃ እትዬ!» አለች ብድግ ብላ። «እኔ ነኝ የወተፍኩት። በቃ፣ እኔ ነኝ በሉ።»

«ዝም በይ አንቺ!» አባትየው ዞሩ። «እሷ ናት የምትነግረኝ። ማነው? ቃል ገብተሽልኛል ልጄ! ማነው?»

አሰልጣኙ «ወይኔ!» ብሎ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ሽማግሌው አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ፤ ሁሉም የሚያዩት ልብሳቸውን ነው። ካፖርቱን ቀስ ብለው አወለቁና ጀርባውን ዘርግተው ተመለከቱት።

«እኔ ሽታውን ነው የዘጋሁት» አሉ። «ተቆጣጣሪዎቹ መንገዱ ላይ ነበሩ። ልጄን አስረው እንዳይወስዱብኝ ብዬ… ሲነጋ አነሳሁት። ጭስ እኮ ነው! ጭስ ደግሞ ሰው ይገድላል እንዴ? ሻይ ነው አላችሁኝ። መርዝ ነው አላችሁኝ።»

መርማሪዋ መጥታ ፊታቸው ተንበረከከች፤ ለጉልበቷም አልሳሳችም።

«አባባ፣ ጄኔሬተሩን ያስገቡት እርስዎ አይደሉም። እዚያ የሚሠራውን ሰፈሩ በሙሉ እያወቀ ሲገዛና ዝም ሲል ኖሯል። የእኔም የልጅ ልጅ ቤት ውስጥ የሚለብሰው ከዚሁ የተገዛ ነው። ይህን ሁሉ ለብቻዎ አይሸከሙት።»

«እሰሪኝ» አሉ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው።

«አላስርዎትም። ነገ ጣቢያ መጥተው ቃልዎን ይሰጣሉ፤ የቀረውን ፍርድ ቤት ያየዋል። ዛሬ ልጅዎን ይቅበሩ።» ባለሱቁን ግን ፖሊሱ ይዞት ወጣ።

ሽማግሌው ወደ ልጅቷ ዞሩ። ቀና ብለው ሊያይዋት አልደፈሩም። «ትሰቀልልኝ ብዬሻለሁ።»

«አልሰማሁም አባባ።»

«መጨረሻ ያየሽው አንቺ ነሽ። ስትለዪው ምን አለሽ?»

ልብስ ሰፊዋ መርማሪዋን አየቻት። የተባለውን የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ጣቢያው አግዳሚ ላይ እያለቀሰች ነግራታለች። «ይሄ ጄኔሬተር ከአንተ ጋር ተዘግቶበት ሲያድር አያስፈራህም?» ስትለው ውሃ ልክ ስቆ ነበር። «አባቴ በር ላይ አለ፤ ምን እሆናለሁ?» ነበር ያላት።

መርማሪዋ ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች።

«‹ደክሞኛል፣ ትንሽ ጋደም ልበል› ነው ያለኝ» አለች ልጅቷ። «እንቅልፍ ነው የወሰደው አባባ።»

«ተኝቶ ነዋ» አሉ ሽማግሌው፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ዓይነት። «ተኝቶ ነዋ።» ልጅቷ ክንዳቸውን ያዘችና ደረጃውን አብረው ወረዱ።