ሦስተኛው ብልቃጥ

ሰው ፊት አክታ ማውጣት ያሳፍራል። መልከ መልካም ወንድ አጠገብ ሲሆን ደግሞ ጭራሽ አይወጣም። የኬሚስትሪ አስተማሪዋ ይህን ያወቀችው ከክሊኒኩ ጓሮ፣ የታጠቡ አንሶላዎች ከተሰጡበት ገመድ አጠገብ ቆማ ነው።

ውጭ አገር ያለችው ታላቅ እህቷ ጉዳዩን ጀምራላት፣ ለቪዛው የቀራት የጤና ምርመራው ብቻ ነበር። ደሟም ሽንቷም ደህና ሆነ። ራጁ ላይ ግን የቀኝ ሳንባዋ ጫፍ ላይ ትንሽ ጠባሳ ታየ። ልጅ ሆና የሳንባ ምች ታማ ነበር፤ ከዚያ የቀረ ነው ብላ አስረዳች። ሐኪሟ እስክትጨርስ አዳመጠቻትና ሦስት ጠዋት በተከታታይ፣ ቁርስ ሳትቀምስ እየመጣች አክታ እንድትሰጥ አዘዘቻት። አስተማሪዋ ግን ለእናቷ «ደም በድጋሚ ፈልገው ነው» አለቻት። የነቀርሳን ስም እቤት ይዛ መግባት አልፈለገችም።

በመጀመሪያው ጠዋት ጓሮው ውስጥ የነበሩት እሷና አንድ ወጣት ብቻ ናቸው። ነርሷ ለእያንዳንዳቸው የአክታ ብልቃጥ ሰጥታ፣ ክፍል ውስጥ መሳል ለሌላው አደጋ ነው ብላ፣ ራቅ ራቅ ብለው ፊታቸውን ወደ ግንቡ እንዲያዞሩ ነግራቸው ሄደች። ወጣቱ ጥፍሮቹ ሥር ነጭ ቀለም አለው። አንዴ ከሆዱ ሳለና ብልቃጡን ከደነ። እሷ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ደግማ ጠረገች።

«ንግግር ልታደርጊ ነው እንዴ?» አላት፣ ግንቡን እያየ።

ልትቆጣ ነበር፤ ሳቋ ቀደማት። ሳቁ ሳል አመጣ፣ ሳሉም የላቦራቶሪ ባለሙያዋ እያጉረመረመች የተቀበለችውን አንድ ነገር አመጣ።

ወጣቱ ቤት ቀቢ ነው። አጎቱ በሌላ አገር ሥራ አግኝቶለት ሊሄድ ነው። የሱም ራጅ ላይ አንድ ነገር ታይቷል፤ ግድግዳ ሲፋቅ የሚነሳው አቧራ ነው ይላል። በሁለተኛው ጠዋት «ቲቸር» ማለት ጀመረ፤ እሷም እንደምንም ብላ ሁለተኛውን ብልቃጥ ሰጠች።

በሦስተኛው ጠዋት ምንም አልወጣም። የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንስታ አየችና ይሄ ምራቅ ነው ብላ መለሰችላት። አንዱ ከጎደለ ሁሉም እንደገና ይጀመራል፤ እንደገና ከተጀመረ ደግሞ የቪዛው ቀጠሮ ያልፋል። እህቷ ለሷ ስትል ሰፊ ቤት ተከራይታ፣ አልጋ ሁሉ ዘርግታ ነው የምትጠብቃት። ዓይኗ እንባ እስኪያቀር ሳለች። ደረቅ ነው።

«አምጪው» አለ ቀቢው፣ እጁን ዘርግቶ።

«ምኑን?»

«ብልቃጡን ነዋ። የኔ እንደሆነ አቧራ ነው። ዞር በይ።»

ክፍል ውስጥ የሌላውን ሙከራ የራሱ አስመስሎ ያቀረበ ተማሪ ብታገኝ ከነደብተሩ ታስወጣዋለች። ናሙና ምን እንደሆነ፣ መቀላቀል ምን እንደሚያመጣ ከማንም በላይ ታውቃለች። ዞር አለች።

ከክሊኒኩ የወጡት አብሮ እንደሰረቀ ሰው ሳይተያዩ ነው። እመንገዱ ማዶ ሻይ ጠጡ። በማግስቱም ጠጡ። የአክታው ውጤት ሳምንታት ስለሚፈጅ ለመጠበቅ የሚሆን ጊዜ ሞልቷል። እሱ በሚቀባው ቤት የቀለም ባልዲ ገልብጦ ተቀምጦ ምሳውን ሲበላ፣ እሷ ባዶው ክፍል ውስጥ መስኮቱ ላይ ተቀምጣ ፈተና ታርማለች። የተሳሳተ መልስ ስታገኝ ታነብለታለች፤ እሱ ከተማሪዎቹ ጋር ይወግናል። ስለ ነገ አያወሩም፤ የሱ ነገ አንድ አገር፣ የሷ ነገ ሌላ አገር ነው። አንድ ቀን ጉንጯ ላይ የነካ ቀለም በአውራ ጣቱ ሊጠርግላት ብሎ እጁን እዚያው ረሳው።

ይስላል። አንገቱን አዙሮ፣ ክርኑ ውስጥ ደብቆ ይስላል። ሰምታለች። ለሰማችው ግን ስም ላለመስጠት ወስና ነበር።

ውጤት ሲደርስ ሁለቱም በአንድ ጠዋት ተጠሩ። ቀድሞ እሱ ገባ። ሲወጣ አፍና አፍንጫው ላይ ማስክ አድርጎ ነበር። ከአጠገቧ አልተቀመጠም፤ ኮሪደሩ መጨረሻ ድረስ ሄዶ ቆመና ከዚያ ሆኖ አያት። ያን ጊዜ ስለ ራሷም ገባት።

ሐኪሟ ቀስ ብላ ነገረቻት። ሁለቱ ብልቃጦች ንጹህ ናቸው፤ ሦስተኛው ላይ የነቀርሳ ተሕዋስ አድጓል። ስድስት ወር መድኃኒቷን ትውጣለች፣ ትድናለች፣ ከዚያ ትሄዳለች። ያሳፍራል ብለሽ እንዳትደብቂ አለቻት፤ በሽታ አያሳፍርም።

አንድ ደቂቃ ስጪኝ ብላ ወጣች።

«ገብቼ እነግራታለሁ» አለ ቀቢው፣ ከሩቅ። «ሳታየኝ ቀየርኩባት እላለሁ። አንቺ የምታውቂው ነገር የለም።»

ለአፍታ ሐሳቡ ደስ አላት። ከሆነው ሁሉ አብልጦ ያሳፈራት ይሄ ነው።

ተመልሳ ወደ ሐኪሟ ገባችና ከመጀመሪያው ጀምራ ተናገረች። ሐኪሟ መነጽሯን አወለቀች።

«ምንድን ነው የማስተምረው ያልሽኝ?»

«ኬሚስትሪ።»

ሐኪሟ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር። የሆነውን እንዳለ መጻፍ ግዴታዋ እንደሆነ፣ የሁለቱም ጉዳይ ወደ ኋላ እንደሚመለስ፣ ኤምባሲዎቹ ምን እንደሚሉ ግን እንደማታውቅ ነገረቻት። ማታ እህቷ በስልክ ሁሉንም ሰማች፤ መልሼ እደውላለሁ ብላ ዘጋች። አልደወለችም።

ቀቢውም ስልክ አላነሳም፤ የእህቷን ነገር በመልእክት ጻፈችለት። የሚቀባው ቤት ሄደች፤ ግድግዳው በግማሹ ቀርቷል። በመጨረሻ በጠዋት ተነስታ ሕሙማን ነርስ ፊት መድኃኒት የሚውጡበት ክፍል ሄደች። አግዳሚው ጫፍ ላይ አገኘችው። ሲያያት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ሂጂ» አለ። «ከእህትሽ አጣላሁሽ። አሁን ደግሞ ላስይዝሽ?»

«ብልቃጡን የሰጠሁህ እኔ ነኝ። ምርመራም እንደገና ጀምሬያለሁ፤ ይኸው ማስክም አድርጌያለሁ። ጠጋ በል።»

አልተጠጋም። ነርሷ ክኒኖቹን ይዛ መጣችና፣ ክሊኒኩ በሚዘጋበት ቀን ቤት ውስጥ ሲውጥ የሚያየው ሰው እንዳለው ጠየቀችው። ማንም የለም አለ። ለእናቱም ቢሆን ብርድ መታኝ ነው ያላቸው።

«እኔ አለሁ» አለች አስተማሪዋ።

ነርሷ ዞር ብላ አየቻት። «ምኑ ነሽ?»

«እጮኛው ነኝ» አለች። «እሱ ገና አልሰማም።»

ቀቢው ጆሮው ድረስ ቀላ። ነርሷ አልሳቀችም፤ ብዙ ሰው ይጠብቃታል። የውሃውን ብርጭቆ ለአስተማሪዋ ሰጠቻትና፣ እስኪውጠው ድረስ ዓይንሽን ከሱ ላይ እንዳትነቅዪ ብላ ወደሚቀጥለው አለፈች።

ማስኩን ዝቅ አደረገ። ከሳምንታት በኋላ መላ ፊቱን አየች፤ ከስቷል። እሱም ቀና ብሎ አያት። ሁለቱም አፍረዋል፤ ትእዛዝ ነውና ዓይኗን አልነቀለችም።