ሦስተኛው ተራራ ላይ

ያምሮት ከፈረስ ቤት ከተማ በላይ ያሉትን ሦስት ተራሮች በአንድ ቀን ለመውጣት ከወንዳወቅ ጋር ጎህ ሲቀድ ስትነሳ፣ ለሌላ ሰው ከታጨች ወር አልፏት ነበር። ወንዳወቅ ይህን አያውቅም።

ሁለቱ ቡሬ ካምፓስ ከተማሩበት ጊዜ ጀምሮ ጓደኛሞች ናቸው። አሁን ፍኖተ ሰላም ላይ አንድ ትምህርት ቤት ያስተምራሉ። እሱ የፈረስ ቤት ልጅ ነው፤ «አንድ ቀን ሦስቱንም አስወጣሻለሁ» እያለ ሲዝትባት ዓመታት አልፈዋል። የፍቅር ቃል ግን ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ጠብቃ ጠብቃ ደከማት። በጥቅምት፣ ቡሬ ላይ እህል የሚነግደው አንዷለም ሽማግሌ ላከ። አባቷ «ምን ትያለሽ ልጄ?» አሏት። አንዷለም ጨዋ ሰው ነው። «እሺ» አለች። ሰርጉ ለጥር ተቆረጠ።

ከዚያ ወዲህ ለወንዳወቅ ልትነግረው ስታስብ ትውላለች፤ ፊቱን ስታይ ትተወዋለች። ከነገረችው ይህ ጉዞ ይቀራል። እሷ ደግሞ ይህችን አንዲት ቀን ፈለገቻት።

የመጀመሪያውን ተራራ በገብስ ማሳ መሀል እየተሳሳቁ ወጡት። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ስልኳ ጮኸ። ሸለቆው ውስጥ ኔትወርክ የለም፤ የሚመጣው ከፍ ሲሉ ነው። የአንዷለም መልእክት ነበር፦ «ብርዱ እንዳይጎዳሽ። ጋቢ ይዘሻል?»

«ማነው?» አለ ወንዳወቅ ቅቅል ድንች እየላጠ።

«ከቤት ነው።»

ጨው ነስንሶ ትልቁን ድንች ሰጣት። ግማሹን ቆርሳ መለሰችለት።

ሁለተኛው ተራራ ገደላማ ነበር። ወንዳወቅ በአንድ እጁ ዱላውን፣ በሌላው እጇን ይዞ አሻገራት። ከተሻገሩም በኋላ አንዳቸውም እጃቸውን አላላቀቁም። ጫፉ ላይ ስልኳ እንደገና ጮኸ። ሳታነብ አጠፋችው። ወንዳወቅ አያትና መንገዱን ቀጠለ።

ሦስተኛው ጫፍ ላይ ከረጃጅሙ የጅብራ ተክል በቀር የቆመ ነገር የለም። ነፋሱ ነጠላዋን ሊነጥቃት ይታገላል። ወንዳወቅ ፊቱን ወደ ሜዳው አዞረ።

«ያምሮት፣ እኔ መናገር አይሆንልኝም። እዚህ ድረስ ያመጣሁሽ ለዚሁ ነው። ለአጎቴ ነግሬያለሁ። ከፈቀድሽ ሽማግሌ እንልካለን።»

ስንት ዓመት የጠበቀችው ቃል ነው። እንባዋ ቀደማት።

«ታጭቻለሁ።»

«መቼ?»

«በጥቅምት።»

«ይኸን ሁሉ ጊዜ? ቅድም እጄን ስትይዢም?»

«ብነግርህ አትመጣም ነበር። ከአንተ ጋር መምጣት ፈለግሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ወንዳወቅ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ሰውየውስ? ከእኔ ጋር መሆንሽን ያውቃል?»

«ከመምህራን ጋር ነው ያልኩት።»

«እንግዲያው ሁለታችንንም ነው የዋሸሽን» አለ በቀስታ። ቢጮህባት ይሻላት ነበር።

ሲወርዱ ከፊት ከፊቷ ሄደ። ገደሉ ጋ ቆሞ ጠበቃት። በዚህ ጊዜ ግን የዘረጋላት እጁን ሳይሆን ዱላውን ነበር።

በሳምንቱ ያምሮት ብቻዋን ቡሬ ሄደች። አንዷለም ከእህል መጋዘኑ በር ላይ በፈገግታ ተቀበላት። ሳትቀመጥ ሁሉንም ነገረችው። ፈገግታው ቀስ እያለ ከፊቱ ጠፋ።

«ልጁ ያገባሻል?»

«አሁንስ እንጃ። ቢተወኝም ግን አንተን እያታለልኩ መኖር አልችልም።»

አንዷለም ወደ ጓሮ አመለከታት። «ለእናቴ አንቺው ንገሪያቸው። እኔ አልችልም።»

እናቱ እማማ ዓባይነሽ ለሰርጉ ጠላ ብቅል ሲያሰጡ አገኘቻቸው። እስክትጨርስ አዳመጧት። ከዚያ ብቅሉን መልሰው ወደ ጆንያው አስገቡት።

ወንዳወቅ ወሬውን ከሰው ሰማ። ያም ሆኖ ክረምቱ እስኪወጣ ድረስ ከሰላምታ ሌላ ቃል አልተነፈሰላትም። በመስከረም አንድ ቀን ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቃት።

«ንዴቴ በርዷል አልልሽም» አላት። «ግን ያላንቺ ተረጋግቼ ከምኖር፣ ካንቺ ጋር እየተቆጣሁ ብኖር ይሻለኛል።»

ያምሮት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች።

በዓመቱ ተጋቡ። ደስ ብሏት ትኖራለች፤ ቡሬ ስትሄድ ግን በገበያው መንገድ አታልፍም። አንድ ቅዳሜ ከወንዳወቅ ጋር ገበያው ዳር ከሚኒባስ ሲወርዱ ከእማማ ዓባይነሽ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። እግሯ ወደ ኋላ ሊመልሳት ቃጣው። ወንዳወቅ አጠገቧ ቆመ። እሷም እስከ ጉልበቷ ጎንበስ አለች።

«እንደምን ዋሉ፣ እማማ?»

አሮጊቷ ትክ ብለው አዩዋት።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። ጉንጫቸውን ግን ለመሳም አላቀረቡላትም። ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው በአጠገቧ አለፉ። ያምሮት የእርምጃቸው ድምፅ በገበያው ጫጫታ ውስጥ እስኪጠፋ ድረስ፣ እንዳጎነበሰች ቆየች።