ለሁለቱም የተፈቀደ

ጠበቃዋ በስልክ «አሸንፈናል» ስትላት ኮሌት ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ድምፁን ከፍ አደረገችው። እናቷ ከምድጃው ዞር አለች፤ ታናሽ እህቷ ብሪንም የሂሳብ መልመጃዋን ትታ አዳመጠች። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የክፍለ ግዛቱን ሕግ ሽሮታል። ሕጉ በልብሱ ስር ሽጉጥ ደብቆ መያዝ የፈለገ ሰው «የተለየ አደጋ» እንዳለበት እንዲያስረዳ ያስገድድ ነበር። ከእንግዲህ ግን ሥልጠናውን የወሰደና የወንጀል ሪከርድ የሌለበት ሁሉ ፈቃዱን ያገኛል።

እናቷ ወንበር ስባ ተቀመጠችና አለቀሰች። ኮሌት ግን ስልኩን እንደዘጋች ተነስታ የቤቱ በር መቆለፉን አየች።

በሩ አዲስ ነው። አሮጌውን የቀድሞ ፍቅረኛዋ ዱዌን በጎማ መፍቻ ብረት ፈልጦት ነበር። ያኔ ዳኛው ለአንድ ዓመት እንዳይቀርባት ትእዛዝ ሰጡ፤ ዱዌን የበሩን ዋጋ ከፈለ፤ ክሱም ተዘጋለት። ዓመቱ ሲያልቅ ኮሌት ትእዛዙ እንዲታደስላት ብትጠይቅ፣ ሰውየው ከዚያ ወዲህ ስላልዛተባት አይሆንም ተባለች። ኮሌት ነርስ ናት፤ ከከተማ ወጣ ብለው የሚኖሩ ሕመምተኞችን ቤታቸው ድረስ ብቻዋን እየነዳች ታክማለች። ሽጉጥ ለመያዝ ፈቃድ ስትጠይቅም፣ ፍርሃት ብቻውን የተለየ አደጋ አይባልም ብለው መለሷት። ሕጉን ለማስሻር እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲፈልጉ የነበሩ ጠበቆች የመጡት ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት ውስጥ በእህቷ ሽጉጥ እየቀለዱባት የብሪን ስም «ሸሪፍ»፣ ባለሽጉጡ ፖሊስ፣ ሆኖ ቀረ።

በማግስቱ ጠዋት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ውስጥ ካሌብ መጥቶ ብሪን አጠገብ ተቀመጠ። ካሌብ የዱዌን ታናሽ ወንድም ነው። በሩ ከተሰበረ ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም።

«እንኳን ደስ አላችሁ» አላት በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ።

«ሙድ ልትይዝብኝ ከሆነ ተወኝ።»

«ሙድ አይደለም። ትናንት እኛ ቤት ከእናንተ የባሰ ደስታ ነበር።»

ቀስ እያለ ነገራት። ዱዌን ዜናውን እንደሰማ ለጓደኞቹ ቢራ ገዝቷል፤ ለሥልጠናውም ተመዝግቧል። ሪከርድ የለበትም፤ ትእዛዙም ካለቀ ቆይቷል፤ የሚከለክለው ነገር የለም።

«ኮሌት ለኔም ተከራከረችልኝ አለ» አለ ካሌብ። «በሽተኞቿ የሚኖሩበትን መንገድ ሁሉ አውቀዋለሁ፣ የትኛው ላይ ሰው እንደማያልፍም አውቃለሁ፣ ፈቃዴን ልያዝ ብቻ አለ። እየሳቀ ነው ያለው።» ትንሽ ቆይቶ «ከኔ እንደሰማሽ ካወቀ…» ብሎ አልጨረሰውም። ከልብሱ በላይ አንገቱ ላይ ያረጀ ሰንበር ይታያል። ብሪን ስሙን ላታነሳ ቃል ገባችለት።

የዚያን ቀን ከሰዓት ጠበቆቹ ጋዜጠኞችን ፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ጠርተው ነበር። ብሪን ከእህቷ ጋር በቀለጠ በረዶ በጨቀየው መንገድ ወደዚያ በመኪና ስትሄድ መታገስ አቃታት።

«ዱዌንም ፈቃድ ያገኛል» አለች።

ኮሌት ዓይኗን ከመንገዱ አላነሳችም። «አውቃለሁ።»

ገና በመጀመሪያው ቀን ጠበቃዋን ጠይቃት ነበር። ጠበቃዋም አልዋሸቻትም፤ ሕግ በአንድ ሰው ልክ አይሰፋም አለቻት። «እሱ ተፈቀደለትም አልተፈቀደለትም ያሻውን ይዞ ይመጣል» አለች ኮሌት። «ቁጭ ብዬ ፈቃድ የምጠብቀው እኔ ነኝ።» ድምጿ ግን ያሸነፈ ሰው ድምፅ አልነበረም።

ብሪን ያኔ ስለ መንገዶቹ የሰማችውን ነገረቻት። ኮሌት መኪናውን ዳር አውጥታ አቆመች። ምን ማለት እንደሆነ ገባት። ይህ አዲስ ዛቻ ነው፤ የሰማ ሰው ቀርቦ ለዳኛ ቢናገር ትእዛዙ ሊታደስ ይችላል፤ ትእዛዝ ያለበት ሰው ደግሞ ፈቃድ አይሰጠውም።

«ማነው የሰማው?»

«ላልናገር ቃል ገብቻለሁ» አለች ብሪን።

«ብሪን፣ እየለመንኩሽ ነው።»

«እስከ ነገ ታገሺኝ» አለች ብሪን። ኮሌት ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ተወችውና መኪናውን አስነሳች።

ደረጃው ላይ ኮሌት አጭር ንግግር አደረገች። ከተሰበሰበው ሰው ግማሹ አጨበጨበ። በጥይት የሞተ ልጇን ፎቶ ደረቷ ላይ የያዘች አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጠቻቸው። ኮሌት አየቻት፤ ዓረፍተ ነገሯም መሃል ላይ ተቋረጠ። ጠበቃዋ ቀጠለችላት።

በማግስቱ አውቶቡሱ ውስጥ ወደ ካሌብ የሄደችው ብሪን ናት። ስሙን እንዳልተናገረች፣ እሱ ካልፈቀደም እንደማትናገር ነገረችው። «ግን ልጠይቅህ ነው የመጣሁት» አለች። ለዳኛው መናገር የሚችለው እሱ ብቻ መሆኑንም አስረዳችው።

ካሌብ ቦርሳውን ከእግሩ ስር አንስቶ ጉልበቱ ላይ አቀፈው።

«ከተናገርኩ በኋላ ያን ማታ የት ነው የማድረው?»

ብሪን ይህን አላሰበችም ነበር። የዱዌንን ወንድም ቤታቸው ማስገባት ዱዌንን በር ድረስ መጥራት እንደሆነ ገባት። እናቷ በትንሽ ኮሽታ የምትደነግጥ ሆናለች። ኮሌትም በቅርቡ ሽጉጥ ታጥቃ ትገባለች። ምነው ስለ ዛቻው ባልሰማሁ ብላ ተመኘች።

«እኛ ጋ» አለች።

«እናትሽ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

አውቶቡሱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመ፤ ልጆቹ እየተጋፉ መውረድ ጀመሩ። ካሌብ ቦርሳውን ጉልበቱ ላይ እንዳቀፈ አልተነሳም።

«መጀመሪያ እሷን ጠይቂያት» አለ። «እሺ ካለች እናገራለሁ።»