የተፈታው ዘንባባ

እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ፲፰፻፹፯ ዓ.ም.፣ የጾም መግቢያ በሆነው የአመድ ረቡዕ ማለዳ፣ ከጄኖቫ በስተ ምዕራብ ያለው የባሕር ዳርቻ ሁሉ በምድር መናወጥ ተመታ፤ የሮካላና መንደር ቤተ ክርስቲያንም ጣሪያዋ ወርዶ ስምንት ሰው ከሥሯ ቀረ። ክረምቱን በዚያ ያሳልፉ የነበሩት እንግሊዞችና ጀርመኖች፣ ገሚሶቹ የሌሊት ልብሳቸውን እንደ ለበሱ፣ ወደ ባቡር ጣቢያ ጎረፉ፤ በሦስተኛው ቀን በመንደሩ የቀሩት የባዕድ አገር ሰው ጡረተኛው እንግሊዛዊ ሻለቃ አምብሮዝ ትሬልፎል ብቻ ነበሩ።

ሻለቃው በሕንድ አገር ሠላሳ ዓመት በመሐንዲስነት ያገለገሉ፣ ሚስትም ልጅም ያልነበራቸው፣ የስድሳ ስምንት ዓመት ሽማግሌ ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በእመት ባቲስቲና ግቢ ሁለት ክፍል ተከራይተው ኖረዋል። ፀደይ በመጣ ቁጥር ጃንጥላቸውንና አንዲት የቆዳ ሻንጣ ይዘው ወደ ሉካ፣ ወደ ፒዛ፣ ወደ ሐይቆቹ አገር ይዞራሉ፤ «ቤቴ ገባሁ» የሚሉት ግን ሮካላና ሲመለሱ ነው። በተወለዱበት አገር የሚጠብቃቸው ሰው አልነበረም።

በዚያው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ዝናብ መጣ፤ ሕዝቡም በዘንባባው እርሻ ሜዳ ላይ ፈስሶ ስለ ነበር ሻለቃው የጀልባ ሸራ አስመጥተው ድንኳን አስተከሉ፤ ገመድ ቢያጡ ከዘንባባዎቹ ላይ ፈቱ። ሮካላናዎች ለሆሳዕና የሚይዙት ዘንባባ ነጭ ነው፤ እንዲነጣም ከመከር ጀምሮ የዛፉን አናት በገመድ ጠርንፈው ለጋውን ቅጠል ከፀሐይ ይሰውሩታል። ሻለቃው ይህን ዘጠኝ ዓመት ሲያዩ ኖረዋል፤ በዚያች ሰዓት ግን የታያቸው ገመዱ ብቻ ነበር። እናቶችና ሕፃናት ሳይረጥቡ አደሩ፤ የመንደሩ ዘንባባ ግን ፀሐይ ገብቶበት ከሁለት ሳምንት በኋላ ለጋው ሁሉ አረንጓዴ ሆነ።

በዚያ አገር በሆሳዕና ዕለት ነጭ ዘንባባ ያልቆመበት አዲስ መቃብር እንደ ተረሳ ይቆጠራል፤ ከስምንቱ ሟቾች አንዷ ደግሞ የእመት ባቲስቲና ምራት ነበረች። ሻለቃውን ማንም ክፉ ቃል አልተናገራቸውም፤ ይህም ባሰባቸው። ሰላምታው አጠረ፤ ሲያልፉ ወሬ ይቋረጥ ጀመር። ያለችኝን አንዲት መንደር በገዛ እጄ አጣኋት ብለው ፈሩ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል» አሉ እመት ባቲስቲና አንድ ቀን፤ «እርስዎ ግን ሻለቃ፣ ያፈሰሱትን የሚለቅሙበት የለዎትም።»

«ጎረቤታችን ቫልፌራ ነጭ ዘንባባ አላት» አሉ ሻለቃው።

አሮጊቷ ከዚያ ረቡዕ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ቫልፌራና ሮካላና በምንጭ ውኃ ሳቢያ ከተጣሉ መቶ ዓመት አልፏቸዋል፤ የአንዱ መንደር ሰው የሌላውን ሰርግ አይበላም።

በዚያ ዓመት የሻለቃው የፀደይ ጉዞ ወደ ሉካ መሆኑ ቀርቶ፣ ከሁለት ኮረብታ ወዲያ ወዳለችው ወደ ቫልፌራ ሆነ። የዘንባባ ቆራጮቹ አለቃ ሽማግሌው ፕሮስፔሮ ነገሩን ቁጭ ብሎ ሰማቸው።

«ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል አሉ» አለ፤ «ሮካላናዎች ቫልፌራን የሞኝ ደጃፍ አደረጓት?»

«እነርሱ አልላኩኝም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«እንግሊዝ ሁሉ ሲሸሽ አይቻለሁ። እርስዎ ምነው ቀሩ? ባቡሩ ሞላብዎ?»

«የምሄድበት አልነበረኝም።»

ፕሮስፔሮ እነማን እንደ ሞቱ ጠየቀ። ሻለቃው ስምንቱንም ከነአባታቸው ስም በቃላቸው ጠሩለት። አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ሽማግሌው ባርኔጣውን አወለቀ።

«ያ ሰው በውኃው ክስ ያስፈረደብኝ ነው» አለ። ተነሥቶም ማጭዱን አነሣ። «ለሮካላና አንዲት ቅጠል አልሰጥም። ለሙታኑ ግን ስምንት ይውሰዱ።»

ሻለቃው ሁለቱን ኮረብታ በእግራቸው ተመለሱ፤ ጃንጥላቸውን ለዘንባባው ዘርግተው መላጣቸውን ለፀሐይ ሰጡ።

በሆሳዕና ዕለት ስምንቱ ነጭ ዘንባባዎች በስምንቱ መቃብር ላይ ቆሙ፤ ለሕያዋኑ የተረፈ ስላልነበረ ሕዝቡ አረንጓዴውን ጎንጉኖ ተሰለፈ። እመት ባቲስቲና አንዱን ጉንጉን ለሻለቃው አስያዙ፤ «ባዶ እጅ አይሄድም» ብለውም ምራታቸው ትቆምበት በነበረው ቦታ፣ ከቤተሰቡ መካከል አቆሟቸው። ሻለቃው አለቀሱ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ከፋሲካ በኋላ የመንግሥት መሐንዲሶች መጥተው የተሰነጠቀውን ግድግዳ ለኩ፤ ጋዜጦችም ባዕዳኑ ሁሉ ሸሹ ብለው ጻፉ። ሻለቃው በአራተኛው ዓመት ሞቱ፤ ስማቸው በየትኛውም መዝገብ አልገባም። ሮካላናዎች ግን እስከ ዛሬ በሆሳዕና ነጩን ዘንባባ ለሙታን ሰጥተው ራሳቸው አረንጓዴውን ይይዛሉ፤ ስለ ምን እንደ ሆነ ለሚጠይቃቸውም «ከአያቶቻችን የወረስነው ነው» ብለው ይመልሳሉ።