የብረት አውጪዎቹ ግድግዳ

አቶ አካሉ ሞተው የተገኙት ሊያድሱት በጀመሩት የአያታቸው ቤት ውስጥ፣ በነጭ ድንጋይ ተቀብረው ነው። ጠዋት ያገኛቸው ግንበኛው ጀብሪል «ግድግዳው ተንዶባቸው ነው» አለ፤ መንደሩም አመነ። ከመካነ ሰላም የመጣችው ኢንስፔክተር ሐረግ ግን በሰው አፍ የምታምን ሴት አይደለችም። ክምሩን ሁለት ጊዜ ዞረችው።

መንደሩ ድሮ ብረት ከጉድጓድ እያወጣ ያቀልጥ ነበር። የቤቶቹ ግድግዳ ድርብ ነው፦ ከውጭ ነጭ ድንጋይ፣ ከውስጥ ብረቱ ቀልጦ የተረፈው ጥቁር ድንጋይ። አላፊ አግዳሚው «ቀጥቃጭ፣ ቡዳ» እንዳይላቸው ሙያቸውን በነጭ ሸፈኑት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያሉ ሰው ሲመክሩ ግን ማንም አይቀድማቸውም።

«ጀብሪል፣ ግድግዳውን ማን አፈረሰው?»

«ላዩን እኔ ነኝ፣ እትዬ። መልሼ ልገነባው ነጩንም ጥቁሩንም ቀላቅዬ እዚሁ ከመርኩት። ትናንት ለአስር ሶላት ስወጣ ጋሽ አካሉ ደህና ነበሩ፣ ወላሂ። መንገድ ላይ መሪጌታ ኒቆዲሞስ ወደዚህ ሲመጡ አገኘኋቸው።»

መሪጌታው በጎረቤት ደብር የሚያገለግሉ ሽማግሌ ናቸው። ልጃቸውን ለአቶ አካሉ ልጅ ለበፍቃዱ ሊድሩ ነው። መቋሚያቸውን በግራ እጃቸው ይዘው መሬት መሬት እያዩ መለሱላት።

«አካሉ እሑድ ለቅርስ መዝጋቢዎች የአያቶቹን ሥራ ሊናገር ነበር። ተው ልለው መጣሁ። እምቢ አለኝ፤ ሄድኩ።»

«ለምን ተው አሏቸው?»

«ለልጆቹ ብዬ ነዋ፣ ልጄ።»

በፍቃዱ ከተማ ያስተምራል። ለሙሽራዋ ቤተሰብ የካህናት ዘር ነኝ ብሎ ነበር።

«ትናንት ከመካነ ሰላም አልወጣሁም» አለ።

«እስቲ ያችን ጥቁር ድንጋይ አቀብለኝ።»

በጫማው ገፋ አደረገላት።

ከሰዓት በኋላ ሐረግ ሦስቱንም ክምሩ አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«ግድግዳው ወደ ውስጥ ቢናድ መጀመሪያ የሚወድቀው የውስጡ፣ ጥቁሩ ነው። አስከሬኑ ላይ የነበረው ግን ነጭ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰው ነው የከመረባቸው።»

ጀብሪል ደነገጠ።

«አንተ አይደለህም። አንተ ቀኑን ሙሉ ሁለቱንም ስታነሳ ውለሃል፤ ብትቸኩል እጅህ የገባውን ትጥል ነበር። መሪጌታ ቀኝ እጃቸው አይታዘዝም፤ ይህን ሁሉ ድንጋይ አያነሱም። ይህን ያደረገው ሰው ግን በዚያ ጥድፊያ ውስጥ እንኳ ከተደባለቀው ክምር ነጭ ነጩን መረጠ፤ ጥቁሩን መንካት ያሳፍረዋልና። በፍቃዱ፣ ትናንት በሚኒባስ መምጣትህንም ሾፌሩ ነግሮኛል።»

በፍቃዱ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ገፋኋቸው እንጂ ልገድላቸው አላሰብኩም። ጭንቅላታቸው ድንጋይ ላይ አረፈ። አይናገሩ ብዬ ለምኛቸው ነበር። መሪጌታ ቢሰሙ ልጃቸውን አይሰጡኝም ብዬ…»

መሪጌታው ለሐረግ ሳይሆን ለበፍቃዱ ተናገሩ።

«እኔም የዚሁ ጉድጓድ ዘር ነኝ። የቤቴ ግድግዳ ከውስጥ ጥቁር ነው፤ በኖራ አስለቅልቄዋለሁ። አባትህ ያውቅ ነበር። ትናንት የመጣሁትም ለእናንተ ብዬ አይደለም፣ ስሜን እንዳያነሳብኝ ልለምነው ነው።»

«ምን አሉዎት?» አለ በፍቃዱ።

«ያንተን አላነሳም፤ የራሴን ግን እናገራለሁ፣ ልጄ እኔን ደብቆ መኖሩ ይብቃው አለኝ።»

ሐረግ ካቴናውን አወጣች። በፍቃዱ እጁን ሲዘረጋ ቀና ማለት አቃተው። መሪጌታውም አልቻሉም።