መጥረቢያ ወዳጅ አይለይም

ቅናት እንደ ጉንፋን ነው፤ የያዘው ሰው ሁሉ «ኧረ ደህና ነኝ» ይላል፣ አፍንጫው ግን ያሳብቅበታል። መጋረጃ ሰፊዋም ሰሞኑን ደህና ነበረች። ደህና ሆና ነው የደንበኛ መጋረጃ ገልብጣ የሰፋችው፤ ደህና ሆና ነው ጣቷን በመርፌ የወጋችው።

ነገሩ የጀመረው መነጽሯ ላይ ተቀምጣ የሰበረችው ዕለት ነው። ከሱቋ ፊት ለፊት፣ ከኮሪደሩ ማዶ ወዳለው መነጽር ሠሪ ወሰደችው። ሰውየው ፍሬሙን አቃንቶ ራሱ ዓይኗ ላይ አደረገላትና መጀመሪያ አጥርታ ያየችው ነገር የሱ ፊት ሆነ። ከዚያ ወዲህ መነጽሯ በየሳምንቱ ይላላ ጀመር።

«ይቺ ብሎን ምን ነካት?» ይላል።

«እኔ ምን አውቄ! አንተ አይደለህ ያሰርካት?»

ምሳ አብረው መብላት ለመዱ። ስለ ፍቅር ግን አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም።

ይሄኔ ነው ፋርማሲስቷ የመጣችው። ምድር ቤት ካለው መድኃኒት ቤት ደረጃውን ወጥታ የምትመጣው ዓይኗን አሟት ሳይሆን ለጨዋታ ነበር። መነጽር ሠሪው በምሳ ሰዓት ኮምፒውተር ላይ የሚጫወተው የዋሻ ጨዋታ አለው። ዋሻው በገቡበት ቁጥር አዲስ ነው፤ ጭራቁ ብዙ ነው፤ አንዴ የሞተ ተዋጊ ደግሞ አይነሳም፣ ሁሉም ነገር ከዜሮ ይጀመራል። የሱ ተዋጊ «አልሞት ባይ» ይባላል። ከክረምቱ ጀምሮ በሕይወት አለ፤ የዋሻው የመጨረሻ ወለል ላይ ሊደርስ ጥቂት ነው የቀረው። ፋርማሲስቷ ላፕቶፗን ይዛ ስትቀላቀለው ምሳ ሰዓቱ በሳቅ ተሞላ።

መጋረጃ ሰፊዋ ሳቁን ከማዶ ሆና ሰማች። ታገሠች። ሲበዛባት የእህቷን ላፕቶፕ በብብቷ ይዛ ኮሪደሩን ተሻገረች።

«እኔም ልጫወት።»

ባለሁለት ስለት መጥረቢያ መረጠች። ለምን እንደመረጠችው አትጠይቋት። የባሰው ነገር አስተማሪዋ ፋርማሲስቷ መሆኗ ነው።

«ስሚኝ እህቴ፣ ሰይፍ ፊት ለፊትሽ ያለውን አንዱን ነው የሚያገኘው። መጥረቢያ ግን ዞሮ አጠገብሽ ያለውን ሁሉ ያጭዳል። ስለዚህ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ አትወሸቂ። ሰፊው ቦታ ላይ ውጪና ይክበቡሽ።»

«ይክበቡሽ? እንዲቀረጣጥፉኝ ነው?»

«አራት ሆነው ሲከቡሽ አራቱንም ባንድ ምት ነው። ብቻ የምታፈገፍጊበት በር ከጀርባሽ አይጥፋ።»

«ደሞ መጥረቢያ ወዳጅ አይለይም» አለ መነጽር ሠሪው። «ከመምታትሽ በፊት ‹ዙር!› በይን፤ እኛ ገለል እንላለን።»

ጨዋታው ሦስቱም ትእዛዛቸውን እስኪሰጡ ይጠብቃል፤ ከዚያ መጀመሪያ እርምጃው፣ ቀጥሎ ምቱ ይፈጸማል። ሥራው ከልብስ ቅድ አይለይም፤ ቦታን ለክቶ አንዴ መቁረጥ ነው። በደንብ ለመደችው። «ዙር!» ስትል ሁለቱ ይርቃሉ፣ ጭራቆቹ እንደ ገለባ ይረግፋሉ።

አንድ ቀን ፋርማሲስቷ ከሰውየው ትከሻ ላይ ክር አነሳች። «ክር ይዞሃል» አለችው በለሰለሰ ድምፅ። የማን ክር መሰላት! ከዚያ በኋላ ከመጋረጃ ሰፊዋ አፍ ከ«ዙር!» በቀር ቃል አልወጣም። ቢጠይቃት ዝም፤ ቢቀልድ ዝም። መነጽሯም መላላት አቆመ።

እና ያ ምሳ ሰዓት ደረሰ። ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ጭራቆች ከበቧት። በግራዋ የፋርማሲስቷ ተዋጊ፣ በቀኟ አልሞት ባይ ቆመዋል። ፋርማሲስቷ እየሳቀች የሰውየውን ክንድ ያዝ አደረገች።

«አይዞህ የኔ ጀግና!»

መጋረጃ ሰፊዋ የመጥረቢያውን ቁልፍ ተጫነች። «ዙር» አላለችም። የሴትየዋ ተዋጊ ስስ ናት፣ አንድ ምት ይበቃታል፤ እሱ የብረት ጥሩር ለብሷል፣ ቢበዛ ቢጫር ነው። አልሞት ባይ ቀደም ሲል ክፉኛ መቁሰሉን ልብ አላለችም። ዓይኗ ያረፈው ሌላ ቦታ ነበር።

ፋርማሲስቷም ትእዛዟን ተጫነች። የሱ ጣት ግን ቆመ። ቀና ብሎ መጋረጃ ሰፊዋን አያት፣ ረጅም አስተያየት። እሷ መርፌ ውስጥ ክር እንደሚያስገባ ሰው ስክሪኗ ላይ አፈጠጠች። ተጫነ።

የፋርማሲስቷ ተዋጊ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸች። አልሞት ባይ አልተነቃነቀም። መጥረቢያው ዞረ፤ ጭራቆቹ ወደቁ፤ አልሞት ባይም አብሯቸው ወደቀ።

መነጽር ሠሪው ተነስቶ የጠራ መስታወት መወልወል ጀመረ።

መጋረጃ ሰፊዋ ወደ ሱቋ ሮጠች። ፋርማሲስቷ ተከትላት ገባች።

«ምቱ ለኔ ነበር፣ አይደል?»

መጋረጃ ሰፊዋ የስፌት መኪናውን አስነሳች።

«ፊትሽ ላይ ተጽፎ ነበር እኮ! እኔ ደግሞ የተቆጣ ባለመጥረቢያ አጠገብ አልቆምም።»

መኪናው ቆመ። «እሱስ ለምን ቆመ?»

«በክርኔ ጎሸም አድርጌዋለሁ፤ ገብቶታልም። ‹ባለህበት ቁም› የሚለውን ነው አይቶ የተጫነው።» ፋርማሲስቷ ጨርቁን ዳበስ ዳበስ አደረገችው። «አልዋሽሽም፣ እኔን ቢያየኝ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ለኔ ብሎ እንደዚያ የቆመ ሰው አላጋጠመኝም። ሂጂ እንጂ አንቺ!»

ኮሪደሩን ተሻግራ ሄደች። አንድ ሽማግሌ ደንበኛ መነጽር እየሞከሩ ነበር።

«ለምን አልሸሸህም?»

«ከተኳረፍን ስንት ጊዜያችን ነው? ብጠይቅሽ ዝም፣ ብለምንሽ ዝም። ከዝምታሽ መጥረቢያሽ ይሻለኛል አልኩ።»

«ሞትክ እኮ!»

«ሞትኩ። ይኸው አናገርሽኝ።»

«ቀንቼ ነው!» አለች። ድምፁ ካሰበችው በላይ ጮኸ። «እንድትወድ የፈለግኩት እኔን ብቻ ነው፣ በቃ!»

ሰውየው መወልወያውን አስቀመጠ። «ያንቺን መነጽር ሆን ብዬ አላልቼ እንደማስረው አታውቂም?»

ሁለቱም ወደ ደንበኛው ዞሩ።

«እኔ ገና አሁን ነው ማየት የጀመርኩት» አሉ ሽማግሌው መነጽሩን እያስተካከሉ። «ቀጥሉ ልጆቼ።»

መነጽር ሠሪው ወንበር ሳበላት። ስክሪኑ ላይ ከዱላ በቀር ምንም የሌለው አዲስ ተዋጊ ቆሟል።

«የት ላቁመው?»

«አጠገቤ። ከመምታቴ በፊት እነግርሃለሁ።»

«ከመኳረፍሽስ በፊት?»

«እሱንም።»

እጁን ከኪቦርዱ አንስቶ እጇ ላይ አሳረፈ። ሽማግሌውም ጠበቁ፤ ጭራቆቹም ጠበቁ።