«ሕልም ነበር» ያለው ማን ነው?

ደራሲው ከነወንበሩ ወደ ኋላ ተገልብጦ፣ ጭንቅላቱ የብረት ምድጃውን ጥግ መትቶ ሞቷል። መነጽሩ ዓይኑ ላይ ነው። በቀኝ እጁ አንድ ደብዳቤ ይዟል። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ጽሕፈቱን አየች። የገዛ ልጇ የእጅ ጽሕፈት ነው።

«ስድስት ዓመት ጠብቄ፣ ሁሉም ሕልም ነበር ይሉኛል? ሁለተኛ አላምንዎትም!»

«የነፋስ በር» የተባለው የወጣቶች ተከታታይ ልቦለድ አምስተኛና የመጨረሻ ቅጽ ከወጣ ሦስት ሳምንቱ ነው። የልቦለዱን ባለታሪክ፣ በር ጠባቂዋን ልጅ፣ እያነበቡ ያደጉት ሁሉ፣ የመጨረሻው ገጽ ላይ ከእንቅልፏ ነቅታ «ለካ ሕልም ነው» ስትል እሳት ጎረሱ። የደብዳቤው መዓት አይጣል ነው። ቀድሞ የደረሰው ፖሊስም «ደብዳቤው ነው የገደለው፤ ደንግጦ ወደቀ» ብሎ መዝገቡን ሊዘጋ ነበር።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ወረንጦ» ይሏታል፤ እሾህ ካየች ሳትነቅል አትተውም። የዛሬው እሾህ ግን የተሰካው ራሷ እግር ውስጥ ነው። የአሥራ አራት ዓመት ልጇን «ጎበዝ፣ የተሰማሽን ጻፊ» ብላ ቴምብሩን የገዛችው እሷው ናት። ይህ መዝገብ እንዲሁ ከተዘጋ ልጅቷ ሰው ገደልኩ እያለች ልትኖር ነው።

የሟች ታላቅ እህት የምትኖረው ምድር ቤት ነው። ፊቷ በለቅሶ አብጧል።

«ጠዋት ሦስት ተኩል ላይ ከላይ ዷ ሲል ሰማሁ» አለች። «አልወጣሁም። ተኳርፈን ነበር፤ ሾርባው ጨው በዛበት ብሎኝ! እኔ ነኝ የገደልኩት።»

«እርስዎ አልገደሉትም፣ እትዬ።»

«አልወጣሁማ! ለጨው ብዬ!»

አሥራ ሁለት ዓመት በጽሕፈት መኪና የተየበችለት ታይፒስት ደግሞ ቀና ብላ ማየት አቅቷታል።

«ደብዳቤዎቹ የሚቀመጡት የት ነው?»

«እኔ መሳቢያ ውስጥ። ጋሼ እንዳይከፋቸው ደብቄያቸው ነበር። ትናንት ግን ሰው ምን አለ እያሉ መቆሚያ መቀመጫ ሲያሳጡኝ፣ የልጅ ጽሕፈት ነው፣ አይከብድም ብዬ አንዱን አነበብኩላቸው።»

«አነበብሽላቸው?»

ታይፒስቷ ከንፈሯን ነከሰች። «ቃል አለብኝ። አትጠይቁኝ» አለች። ደጅ የቆመው ፖሊስ እንዲህ ያለ መልስ አይወድም፤ ካቴናውን ሲነካካ ተሰማ።

አርታኢው ሲጠራ ሮጦ መጣ። መሐረቡ ርሷል።

«ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ብቅ ብዬ ነበር» አለ። «መነጽሩን አድርጎ ያቺን ደብዳቤ ሲያነብ ትቼው ወጣሁ። ፊቱ ጠቁሮ ነበር፣ ምስኪን!»

መርማሪዋ ወደ ክፍሉ ተመለሰች። የጠረጴዛውን መብራት ብታበራው እምቢ አለ፤ ጭራሽ አምፖል የለውም። መደርደሪያው ላይ ያሉት አምስት ቅጾች እያንዳንዳቸው ክር ታስሮባቸዋል፤ አንደኛው ላይ አንድ ቋጠሮ፣ ሁለተኛው ላይ ሁለት፣ እንዲያ እያለ እስከ አምስት። ከዚያ መነጽሩን በመስኮቱ ብርሃን አየችው። መስተዋቱ ላይ አቧራ ደድሮበታል።

ሦስቱን እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«በቅድሚያ፣ ደብዳቤውን የጻፈችው ልጄ ናት። አለቃዬ ሲሰማ መዝገቡን ይቀማኝ ይሆናል። እስከዚያው ስሙኝ። ሰው ከነወንበሩ ተገልብጦ ጭንቅላቱ ሲፈርስ፣ መነጽር አፍንጫ ላይ ተደላድሎ ይቀራል? አይቀርም። ከወደቀ በኋላ ያደረገለት ሰው አለ። በዚህ አቧራ ውስጥ ደግሞ ንስርም አያነብም። አምፖል የሌለው መብራት፣ በቋጠሮ የሚለዩ መጻሕፍት...» ወደ ታይፒስቷ ዞረች። «ቃልሽ ይህ ነበር፣ አይደል? ዓይናቸው አያይም ነበር።»

«አራት ዓመታቸው!» ታይፒስቷ ፈነዳች። «ቢሰሙ መጽሐፉ የሱ አይደለም ይሉኛል ብለው አስማሉኝ። የሚያውቀው እኔና እህታቸው ብቻ ነን።»

«እንግዲህ እናንተ ሁለታችሁ ዓይነ ስውር እጅ ውስጥ ደብዳቤ አታስይዙም። ያስያዘው ሰው ያያል ብሎ የሚያምን ነው። ሲያነብ ትቼው ወጣሁ ያለኝ ደግሞ አንድ ሰው ነው።» እስካሁን «እርስዎ» ስትለው የነበረውን አርታኢ አሁን አንተ አለችው። «ምን አደረግከው?»

አርታኢው ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ።

«የመጨረሻው ምዕራፍ ታክሲ ውስጥ ጠፋብኝ» አለ። «ማተሚያ ቤቱ ሁለት ቀን ነበር የሰጠኝ። ጣልኩት ብዬ መናገር አፈርኩ። ራሴ ጻፍኩት። ሌላ መጨረሻ ቢጠፋኝ ሕልም ነበር አልኩ... ጠዋት ደብዳቤውን ከኪሱ አውጥቶ፣ ይህን ለጋዜጣ እናገራለሁ አለኝ። እግሩ ላይ ወደቅኩ፣ አልሰማኝም። ደረቱን ገፋ አደረግኩት፣ በቃ። ደንግጬ ወንበሩን ገለበጥኩ፣ ከመሳቢያው መነጽሩን አውጥቼ... አራት ዓመት! እንዴት አላየሁም? በስልክ ብቻ እያወራሁት፣ ስመጣም ከደጅ እየተመለስኩ...»

«ካርቦኑ እኔ ጋ ነበር» አለች ታይፒስቷ፣ እምብዛም በማይሰማ ድምፅ። «የተየብኩትን ሁሉ በካርቦን አስቀራለሁ። አንድ ቀን ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት? እኔም ጉድ ነኝ፤ መጽሐፉ ታትሞ ሲመጣ አልገለጥኩትም። ደህና ወጣ ወይ ሲሉኝ፣ አዎ ጋሼ፣ ያምራል አልኳቸው።»

አርታኢው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ካቴናው ሲገባለትም አላወረደውም።

መርማሪዋ ስትወጣ ታይፒስቷ ደረጃው ላይ ደርሳ አንድ ፖስታ ሰጠቻት። «ትናንት ማታ ጋሼ ያስጻፉኝ መልስ ነው፤ ከእውነተኛው ምዕራፍ ካርቦን ጋር። ለልጅዎ።»

ቤቷ ስትደርስ ልጇ ምግብ ጠረጴዛው ላይ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። «እማ፣ ደብዳቤዬ ደረሳቸው?»

«ደረሳቸው። መልሰውልሻል።»

ልጅቷ ፖስታውን ቀደደችው። «የኔ ልጅ፣ ያነበብሽው የኔ መጨረሻ አይደለም። ተናደሽ ባትጽፊልኝ ኖሮ ሳላውቅ እቀር ነበር። ይኸው እውነተኛው። ካልወደድሽው ደግሞ ተቆጪኝ።»

አንገቷን ደፍታ ምዕራፉን አነበበች። በመሃል አንዴ ሳቀች፣ መጨረሻው ላይ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

«እማ! በሩን ትታው አልሄደችም! ቴምብር አለሽ? ይቅርታ ልጠይቃቸው፤ አላምንዎትም ብያቸው ነበር እኮ።»

ቀን ነፍሰ ገዳይ ያናዘዘችው ሴት ቦርሳዋን አልከፈተችም። ቦርሳዋ ውስጥ ቴምብር ነበራት። ወንበር ስባ ከልጇ አጠገብ ተቀመጠችና እጇን ያዘች።

«ቆይ፣ የኔ ቆንጆ» አለች። «መጀመሪያ የምነግርሽ ነገር አለ።»